ዣክ ኢቭ ኩስቶ፤ የባሕርን በር የከፈተ ሰው

አንድ መሣሪያ ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ፣ ለማን ጥቅም እንደሚውልና በምን ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ለመናገር አስቸጋሪ ነው። ሠሪው የሚመዘነው መሣሪያውን ሲሠራ ባሳየው ብልሃት ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ጎዶሎ ይሆናል፤ መሣሪያው ዓለምን ከለወጠ በኋላ ሰውየው ምን አደረገ የሚለውም ጥያቄ አብሮ ሊነሣ ይገባዋል። ፈረንሳዊው የባሕር ኀይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ በሁለቱም በኩል ሊመረመር የሚገባው ሰው ነው። ከአንድ መሐንዲስ ጋር ሆኖ የሰው ልጅ ከባሕር በታች ያለ ገመድና ያለ ቱቦ እየተነፈሰ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስበትን መሣሪያ ሠራ፤ ዕድሜም ሰጥቶት ያ የከፈተው በር ምን ምን እንዳስገባ በዓይኑ ለማየት በቃ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩስቶ ጁን 11 ቀን 1910 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በቦርዶ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። በልጅነቱ ጤናው የማያስተማምን ነበር፤ ሆኖም ዋናን ገና በትንሽነቱ ለመደ፤ የመካኒክ ነገርም እጅግ ይወድ ስለ ነበር በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የፊልም መቅረጫ ገዝቶ ሥራውን ይመራመር ነበር። በ1930 በብሬስት ከሚገኘው የባሕር ኀይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ የባሕር ኀይል አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር። በ1936 ግን በደረሰበት ከባድ የመኪና አደጋ ክንዶቹ ስለ ተሰበሩ የአብራሪነቱ ተስፋ በዚያው ተቋረጠ።

ክንዶቹን ለማጠንከር በቱሎን ወደብ አጠገብ ይዋኝ በነበረበት ወቅት ፊሊፕ ታይዬ የሚባል የባሕር ኀይል ባልደረባው የውሃ መነጽር ሰጠው። የሰው ዓይን የተፈጠረው በአየር ውስጥ ለማየት ስለ ሆነ በውሃ ውስጥ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይደበዝዝበታል፤ በዓይንና በውሃ መካከል ጥቂት አየር ሲገባ ግን ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ኩስቶ በመነጽሩ አንድ ጊዜ ወደ ታች ከተመለከተ በኋላ ቀሪ ዕድሜውን በሙሉ ለዚያው ዕይታ ሰጠ። ፍሬዴሪክ ዱማ የተባለው ብርቱ ዋናተኛ ከሁለቱ ጋር ተጨመረና ሦስቱ ጓደኞች እስትንፋሳቸውን እየያዙ መጥለቅ ጀመሩ። ነገር ግን በአንድ እስትንፋስ የሚገኘው ጊዜ ከአንድ ሁለት ደቂቃ የማያልፍ በመሆኑ ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ተሰበሰበ፤ ይኸውም ሰው በውሃ ውስጥ እንዴት ይተንፍስ የሚለው ነበር።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። ጠላቂው በ10 ሜትር ላይ ሁለት፣ በ40 ሜትር ላይ አምስት አትሞስፌር ይጫነዋል። የሰው ደረት ጡንቻ ይህን ተቋቁሞ ከውሃው ወለል በቱቦ አየር ሊስብ ከቶ አይችልም። ስለዚህ ለጠላቂው የሚቀርበው አየር ግፊቱ ሁልጊዜ በዙሪያው ካለው ውሃ ግፊት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ጠላቂው ሲወርድ አብሮ መጨመር፣ ሲወጣም አብሮ መቀነስ ይገባዋል።

ይህን መፍትሔ ለመፈለግ ኩስቶ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1860ዎቹ ሩኬሮልና ደናይሩዝ የተባሉ ፈረንሳውያን ግፊትን የሚያመዛዝን መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ነገር ግን የዘመኑ ሲሊንደሮች በቂ አየር ለመያዝ የሚያስችል ጥንካሬ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ኢቭ ለ ፕሪዬር ብዙ አየር የሚይዝ ሲሊንደር ለጠላቂዎች አቀረበ፤ ሆኖም አየሩ በእጅ ተከፍቶ ያለማቋረጥ የሚፈስ በመሆኑ ብዙው በከንቱ ይባክን ነበር። ኩስቶ ራሱ በ1939 በንጹሕ ኦክሲጅን የሚሠራ መሣሪያ ሞከረ። ንጹሕ ኦክሲጅን ከጥቂት ሜትሮች ጥልቀት በታች ለነርቭ መርዝ እንደሚሆን በዚያን ጊዜ በሚገባ አልታወቀም ነበርና ሁለት ጊዜ ሰውነቱን አንቀጥቅጦ ጣለው፤ ለጥቂት ከሞት ተረፈ።

መፍትሔው የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። ኩስቶ በ1937 ያገባት ሲሞን ሜልኪዮር አባቷ ኤር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት በዲሴምበር 1942 ኩስቶን ከኩባንያው መሐንዲስ ከኤሚል ጋኛን ጋር አገናኙት። በዚያን ወቅት ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪናዎች በጋዝ እንዲሠሩ ይደረግ ነበር፤ ጋኛንም ሞተሩ በሚፈልገው መጠን ብቻ ጋዙን የሚለቅ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ለሞተር የሚሠራው ለሳንባ የማይሠራበት ምክንያት እንደሌለ ሁለቱም ወዲያው ተረዱ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በአንድ ክብ ቆርቆሮ ሣጥን መካከል ስስ የጎማ ሽፋን ይወጠራል። ከሽፋኑ አንድ ወገን ውሃ ይገባል፤ በሌላው ወገን ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር ይገኛል። ጠላቂው አየር ሲስብ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሲሰረጉድም አንድ ትንሽ ዘንግ ይጫንና የአየሩን ቫልቭ ይከፍታል። በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት እኩል ሲሆን ቫልቩ ተመልሶ ይዘጋል። በሲሊንደሩ ውስጥ በ150 አትሞስፌር ታጭቆ የነበረው አየር በዚህ ዓይነት በሚፈለግበት ጊዜ፣ በሚፈለገው መጠንና በሚፈለገው ግፊት ለጠላቂው ይደርሳል። የጥልቀቱን ልክ የሚናገረው ራሱ ውሃው በመሆኑ የሰው እጅ ጣልቃ መግባት አያስፈልገውም።

በጃንዩዌሪ 1943 በፓሪስ አጠገብ በማርን ወንዝ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ግን አጥጋቢ አልነበረም። ኩስቶ በውሃው ውስጥ በአግድሞሽ ሲዋኝ መሣሪያው ደኅና ሠራ፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ ሳይጠሩት ይፈስ ጀመር፤ ራሱን ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ደግሞ መተንፈስ አስቸገረው። ሁለቱ ሰዎች በነገሩ ሲያስቡበት ምክንያቱ ተገለጠላቸው። የተተነፈሰው አየር የሚወጣበት ቫልቭ በአፍ በኩል፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ በጀርባ በኩል ስለ ነበር ጠላቂው አቋሙን በለወጠ ቁጥር በሁለቱ መካከል የጥቂት ሴንቲሜትር የከፍታ ልዩነት ይፈጠራል፤ ያች ጥቂት ሴንቲሜትር የምታመጣው የግፊት ልዩነት ሚዛኑን ለማዛባት በቂ ነበረች። መውጫውን በሁለተኛ ቱቦ አዙረው ከጎማው ሽፋን አጠገብ ባደረጉት ጊዜ ችግሩ ተወገደ። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኩስቶ በሜዲቴራኒያን ዳርቻ በባንዶል መሣሪያውን አዝሎ ባሕር ውስጥ ገባ። አኳ ሎንግ የተባለው መሣሪያ የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

ዕውቅናው ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ በ1943 ከማርሴይ ባሕር 53 ሜትር የወረደው ዦርዥ ኮሜን በ1944 በስትራስቡርግ ጦርነት ላይ ስለ ሞተ ሥራው ተረሳ። ጋኛንም በ1947 ወደ ካናዳ ሄዶ በጸጥታ ምርምሩን ቀጠለ። የፊልምና የጋዜጣ ሰው በመሆኑ ስሙ በዓለም የናኘው ኩስቶ ነው። ይህ በብዙ ፈጠራዎች ታሪክ የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ሊደነቅ አይገባውም፤ ነገር ግን የመሣሪያው ስም በተነሣ ቁጥር የመሐንዲሱም ስም ሊነሣ ይገባል።

ከጦርነቱ በኋላ ኩስቶ፣ ታይዬና ዱማ በቱሎን የባሕር ኀይሉን የጠላቂዎች ምርምር ክፍል አቋቋሙ። አዲሱ መሣሪያ ያልታወቁ አደጋዎችን ይዞ መጥቷል። በኦገስት 1946 ኩስቶና ዱማ በቮክሉዝ የሚገኘውን ጥልቅ ምንጭ ለመመርመር ገብተው ራሳቸውን ሊስቱ ጥቂት ቀራቸው፤ በኋላ ሲጣራ የአየር መጭመቂያው ሞተር የራሱን ጭስ ስቦ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ሲሊንደሮቹ ማስገባቱ ተገኘ። መቆጣጠሪያው እንከን ባይኖረውም የአየሩ መሳቢያ ያለቦታው ስለ ተቀመጠ ሁለት ሰው ሊያልቅ ነበር። በሴፕቴምበር 1947 ደግሞ የክፍሉ ባልደረባ ሞሪስ ፋርግ በአየር ምን ያህል መውረድ እንደሚቻል ለማወቅ በተደረገው ሙከራ 120 ሜትር ደርሶ በምልክት ገመዱ ላይ ስሙን ጻፈ፤ ከዚያ ግን በሕይወት አልተመለሰም። በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ናይትሮጂን እንደ መጠጥ አእምሮን ያሰክራል፤ የጠላቂውን ፍርድም ይነሣዋል። መሣሪያው ከሰውነቱ በላይ ጠልቆ መሄድ እንደሚችል በሕይወት ዋጋ ታወቀ፤ በአየር የሚወረድበት ወሰንም ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ ተያዘ።

በ1950 ኩስቶ ካሊፕሶ የተባለችውን መርከብ አገኘ። ካሊፕሶ በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ባሕር ኀይል ፈንጂ ለማጽዳት የተሠራች፣ በኋላም በማልታ ደሴቶች መካከል ሰውና መኪና ታመላልስ የነበረች የእንጨት መርከብ ናት። ሎኤል ጊነስ የተባሉ ባለጸጋ ገዝተው በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ሰጡት። የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ በ1951 መጨረሻ ወደ ቀይ ባሕር ሆነ።

በ1955 ካሊፕሶ በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአልዳብራ ብዙም ሳትርቅ ከምትገኘው አሳምፕሽን ከተባለች ትንሽ የኮራል ደሴት ደረሰች። የደሴቲቱ ስፋት 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየብስ ያለው ገጽታዋ የሚያሳዝን ነበር፤ ለማዳበሪያ የሚሆነው የወፍ ኩስ ለብዙ ዓመታት ስለ ተቆፈረባት የባሕር ወፎቿ ጠፍተዋል። ከውሃው በታች ያለው የኮራል ዐለት ግን ሰው አይቶ የማያውቅ ነበር። ዓሦቹ ከጠላቂዎቹ አይሸሹም ነበር። አንድ ግሩፐር የተባለ ትልቅ ዓሣ ጠላቂዎቹን ከመላመዱ የተነሣ ሥራቸውን ስላስቸገራቸው ፊልም እስኪያነሡ ድረስ በሽቦ ቤት ውስጥ ሊያስገቡት ተገደዱ። ከዚህና ከሌሎች ቦታዎች የተሰበሰበው ሥዕል ኩስቶ ከሉዊ ማል ጋር ባዘጋጀው የዝምታው ዓለም በተባለው ፊልም ውስጥ ገብቶ በ1956 የካን ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ኦስካርን አገኘ።

ያንኑ ፊልም ዛሬ የሚመለከት ሰው የሚያስደነግጡ ነገሮችም ያይበታል። ዓሦችን ለመቁጠር ሲባል ኮራሉ በድማሚት ይፈርሳል፤ በመርከቢቱ መዘውር የቆሰለ ግልገል ዓሣ ነባሪ ሲሞት በሬሳው ላይ የተሰበሰቡት ሻርኮች በመርከበኞቹ እጅ በቁጣ ይጨፈጨፋሉ፤ የባሕር ኤሊዎች መጫወቻ ይሆናሉ። በዚያን ዘመን ባሕር የማያልቅ ሀብት ነው የሚለው አስተሳሰብ የጋራ ነበረ፤ ኩስቶም የዘመኑ ሰው ነበር። ከብዙዎቹ የሚለየው በዚያ አስተሳሰብ ረግቶ ባለመቅረቱ ነው። ፈረንሳይ የኑክሊየር ቆሻሻ በሜዲቴራኒያን ልትጥል ባሰበች ጊዜ በ1960 በግንባር ቀደምትነት ከተቃወሙት አንዱ እርሱ ነበር።

ሆኖም የመሐንዲስነት ምኞቱ ገና አልበረደም። ሰው በባሕር ወለል ላይ ሊኖርና ሊሠራ ይችላል ብሎ ያምን ስለ ነበር ከፈረንሳይ የነዳጅ ኢንዱስትሪ ባገኘው እርዳታ ሦስት ተከታታይ ሙከራዎች አደረገ። በ1962 ሁለት ሰዎች በማርሴይ አጠገብ በ10 ሜትር ጥልቀት ለአንድ ሳምንት ኖሩ። በ1963 ደግሞ ትልቁ ሙከራ በቀይ ባሕር፣ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ሻዕብ ሩሚ በተባለው የኮራል ዐለት ተካሄደ። የኮከብ ዓሣ ቅርጽ ባለው ቤት አምስት ሰዎች በ10 ሜትር ጥልቀት አንድ ወር ተቀመጡ፤ ዝቅ ብሎ በነበረው ትንሽ ቤት ሁለት ሰዎች ሂልየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ አንድ ሳምንት አሳለፉ፤ ለጠላቂዋ መንኮራኩርም ከውሃው በታች ጋራዥ ተሠራላት። በ1965 የመጨረሻው ሙከራ በኒስ አጠገብ ስድስት ሰዎችን በ100 ሜትር ጥልቀት ሦስት ሳምንት አቆየ።

የሐሳቡ መሠረት ሰውነት በአንድ ግፊት ውስጥ አንድ ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ሊይዝ የሚችለውን ጋዝ ሁሉ ይዞ ይጠግባል፤ ከዚያ ወዲህ ሳምንትም ሆነ ወር ቢቀመጥ ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚያራግፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚል ነበር። ይህ አሠራር በኋላ በባሕር ላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ለሚሠሩ ጠላቂዎች መደበኛ ዘዴ ሆነ። የባሕር ውስጥ ከተማ ግን አልተሠራም። ወጪው ከባድ ነበር፤ ብዙውን ሥራ ከውሃው በላይ በግፊት ክፍል ውስጥ በሚኖሩ ጠላቂዎችና በኋላም በሮቦቶች ማከናወን ተቻለ። ኩስቶም ራሱ ባሕርን የመያዝ ሐሳቡን ትቶ ባሕርን ወደ መጠበቅ አዘነበለ። የሻዕብ ሩሚው ጋራዥ ዛሬም በቦታው አለ፤ ብረቱን ኮራል አልብሶታል፤ ዓሦች ይገቡበታል፤ ጠላቂዎችም ሊያዩት ይሄዳሉ።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን የቀረቡት ተከታታይ ፊልሞቹ ኩስቶን በብዙ አገር የታወቀ ሰው አደረጉት፤ በ1973ም በስሙ የሚጠራውን የባሕር ጥበቃ ማኅበር መሠረተ። ከዝናው ጋር መሪሩ ኀዘን አብሮ መጣ። ከሥራው ሁሉ ጋር ተዛምዶ ያደገው ታናሹ ልጁ ፊሊፕ በጁን 1979 በሊዝበን በቴጆ ወንዝ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ኩስቶ ከዚያ በኋላ ከሥራ አልራቀም። በ1985 ከመሐንዲሶች ጋር ሆኖ በቱርቦ ሸራ የምትታገዘውን አልሲዮን የተባለችውን መርከብ ከፈረንሳይ ወደ ኒው ዮርክ አሻገረ። ሸራው ቀጥ ብሎ የቆመ ክፍት ግንድ ሆኖ በማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነፋሱ ከገጹ እንዳይለያይ የሚያደርግና በዚህም የመግፋት ኀይሉን የሚያጎላ ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የኩስቶ ጓድ በቦርኔዮ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ሲፓዳን ደረሰ። ሲፓዳን ስፋቷ 12 ሄክታር ያህል የሆነ፣ በአንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በእግር የምትዞር ደሴት ናት። ከጠፋ እሳተ ገሞራ ጫፍ ላይ ኮራል ለብዙ ሺሕ ዘመን ተደራርቦ የሠራት በመሆኗ ከባሕሩ ወለል 600 ሜትር ያህል ትነሣለች። በሰሜን በኩል ከአሸዋው ጥቂት እርምጃ ከተራመዱ በኋላ ጉልበት የሚደርሰው ውሃ በድንገት ገደል ይሆናል። ባራኩዳ የተባሉት ዓሦች በሺሕ እየሆኑ እንደ ዐውሎ ነፋስ የሚዞሩበት ማዕዘን አለ፤ በገደሉም ውስጥ መውጫው ጠፍቶባቸው የቀሩ የባሕር ኤሊዎች አፅም የሚገኝበት ዋሻ አለ። በ1989 የወጣው የኩስቶ ፊልም እነዚህን ኤሊዎች ለዓለም አሳየ።

በሲፓዳን ከዚያ ቀደም ጠላቂዎችን የሚያስተናግዱ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ከፊልሙ በኋላ ግን የደሴቲቱ ስም በዓለም ጠላቂዎች ዘንድ ገነነ፤ በዚያች ጠባብ መሬት ላይም ማረፊያ ቤቶች በዙ። የመጠጥ ውሃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃና የጄኔሬተር ጉዳይ ለደሴቲቱ ከአቅም በላይ ሆነ። በኤፕሪል 2000 ታጣቂዎች ከደሴቲቱ 21 ሰዎችን አግተው በባሕር ወሰዱ። በዲሴምበር 2002 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደሴቲቱ የኢንዶኔዥያ ሳትሆን የማሌዥያ ናት ብሎ ፈረደ። ማሌዥያም እስከ 2004 መጨረሻ ማረፊያ ቤቶቹ ሁሉ እንዲነሡ አዘዘች፤ በኋላም በቀን ከ120 ጠላቂዎች በላይ እንዳይገቡ ወሰነች። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሜይ 2006 ለደሴቲቱ ግንባታ የሚሆን ጠጠር፣ አሸዋና ብረት የጫነ ጀልባ ከኮራሉ ላይ ወጥቶ ከ370 ካሬ ሜትር የሚበልጠውን አወደመ፤ ኮራሉ በዚያ መጠን ለመገንባት የፈጀው ጊዜ በሰው ዕድሜ የሚለካ አይደለም።

ኩስቶ ይህን የመጨረሻውን አላየም። በ1990 ሚስቱና ከካሊፕሶ ያልተለየችው ሲሞን ሞተች። እርሱ በዚያን ጊዜ አንታርክቲካ ለማዕድን ቁፋሮ እንዳትከፈት ፊርማ ያሰባስብ ነበር፤ በ1991 በማድሪድ የተፈረመው ስምምነትም ቁፋሮውን ከለከለ። በጃንዩዌሪ 1996 ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ በሌላ ጀልባ ተገጭታ ሰጠመች፤ ከውሃው ወጥታም ዳግመኛ ለሥራ አልበቃችም። ኩስቶ ጁን 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ፤ በተወለደባት በሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክም ተቀበረ።

የኩስቶ ሕይወት ለባለሙያ የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ድልድይ ሲሠራ ምን ያህል ቶን እንደሚሸከም ገና ከመከፈቱ በፊት ተሰልቶ ይታወቃል፤ ከዚያ በላይ የጫነ ተሽከርካሪ እንዳያልፍም ይከለከላል። ጋኛንና ኩስቶ የሠሩት መሣሪያ ሰውን ወደ ባሕር የሚያሻግር ድልድይ ነበር። ሰውነት ሊሸከም የሚችለው ወሰን በፋርግ ሞት ታወቀ፤ ማዶ ያለው ኮራል ስንት ሰው ሊሸከም እንደሚችል ግን ድልድዩ ከተከፈተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ወዲያ ነበር መሰላት የጀመረው። ኩስቶ በጎልማሳነቱ በድማሚት ያፈረሰውን በሽምግልናው ሲጠብቅ መታየቱ ያስመሰግነዋል። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ደግሞ ሁለቱን ስሌቶች፣ የመሣሪያውንና መሣሪያው የሚደርስበትን ቦታ ስሌት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይና በአንድ ጊዜ መሥራት ይጠበቅባቸዋል።